የዘጠኝ ሰዓቱ ግጥሚያ

አንድ ጊዜ ያደረግሁትን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እኔ ሚዳቋ ነኝ፤ ከሦስት በላይ እንስሳ ካየኝ ጆሮዬ ይግላል፣ ቃልም ይጠፋኛል። ሰባት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። መጻፍ ግን ማንም ፊት አያቆምምና ይኸው ልጻፈው።

በጫካችን በየዓመቱ ልጆች የሠሯቸውን ሮቦቶች ያወዳድራሉ። ሮቦቶቹ ኳስ ከመሬት ለቅመው ቅርጫት ውስጥ ይጥላሉ፤ ብዙ የጣለ ያሸንፋል። ማን ከማን፣ በስንት ሰዓት እንደሚገጥም የሚመድበውና ውጤቱን የሚይዘው አንድ ፕሮግራም ነው። የመጣው ከባሕር ማዶ ጫካ ነው። ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ትእዛዝ፣ ክፍት ስለሆነ ማንም ወስዶ ይጠቀምበታል፣ ያነበዋል፣ ስህተት ካገኘም ያርማል። ያረመ ሁሉ ምን እንዳረመ ከነስሙ በፕሮግራሙ መዝገብ ላይ ይጽፋል።

ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ከእኔ ሌላ የተማረ አልነበረም። ሰዓቱንም ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩት። እነሱ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራሉ፣ እኛ ከንጋት።

በዚያ ዓመት የዳኛው ወንበር ለአያ ጅቦ ደረሰው። ጅቦ በዕድሜው ሁሉ አንድም ነገር በአደራ ተሰጥቶት አያውቅም፤ ማን አምኖት! አንበሳ ወንበሩን ሲሰጠው «አንዲት ጥፋት ካየሁብህ ትነሣለህ፤ ዳግመኛም አትቀመጥም» አለው። ጅቦ ግን ከደስታው ብዛት ምግብ እንኳ ረሳ።

«አንቺ ሚዳቋ፣ እኔ እኮ ዳኛ ነኝ» ይለኛል።

«አውቃለሁ፣ አያ ጅቦ።»

«ማወቁንስ ታውቂያለሽ። እንደገና ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ለፍጻሜው የደረሱት የአህያ ልጅ ቡሊትና የጅቦ ልጅ ነበሩ። በዋዜማው አህያ ወደ እኔ መጣ።

«እትዬ ሚዳቋ፣ ጠዋት ከልጄ ጋር ውኃ እናመላልሳለን። ግጥሚያዋን ወደ ከሰዓት ብታዞሪልኝ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ይሁን?»

«ዕድሜ ይስጥሽ!»

ፕሮግራሙ የመደበውን ሰዓት በእጅ መቀየሪያ ገጽ አለው። ከፍቼ «9» ብዬ ሞላሁ። ሌላ ምንም አላደረግሁም።

በፍጻሜው ቀን ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከዐሥር ላይ፣ የዝንጀሮና የጃርት ልጆች ለሦስተኛነት እየተጋጠሙ ሳለ ትልቁ ስክሪን በድንገት ቀላ። «የቡሊት ቡድን አልቀረበም። የዓመቱ አሸናፊ፦ የጅቦ ልጅ» ይላል። የዝንጀሮ ልጅ የያዘችውን ኳስ ጣለች። ቡሊት ያን ጊዜ ወንዝ ላይ ነበረች፤ ለግጥሚያዋ ስድስት ሰዓት ያህል ይቀራት ነበር።

መጀመሪያ የጮኸችው ቀበሮ ናት። ያንን ወንበር ከድሮ ጀምሮ ትመኘው ነበር።

«ኧረ ጉድ! ሳይመሽ በጠራራ ፀሐይ ለልጁ ዋንጫ ሲሰርቅ!»

«እኔ?» አለ ጅቦ። «ኧረ ምንም አልነካሁም! ቁልፎቹን እኮ እፈራቸዋለሁ!»

«ትናንት አጥንት ስትግጥ ታይተሃል። ማን ሰጠህ?»

«አጥንትማ በየቀኑ እግጣለሁ!»

«አመነ!» አለች ቀበሮ፤ ሜዳውም አብሯት ጮኸ።

አንበሳ ጥፍሩን አነሣ። «ምናልባት ፕሮግራሙ ተሳስቶ ቢሆንስ?»

«ጃንሆይ፣ ፕሮግራሙ እኮ ክፍት ነው» አለች ቀበሮ። «የሁላችን ዐይን ያየዋል። ስህተት ቢኖርበት እስከ ዛሬ ማን ዝም ይል ነበር?»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከእነዚያ ሁሉ እንስሳት አንድ ቀን እንኳ ከፍቶ ያነበበው አልነበረም።

«እትዬ ሚዳቋ፣ አንቺ ተምረሻል። ስህተት አለበት እንዴ?» አለኝ አንበሳ።

ያኔ ነው የገባኝ። በእጅ መቀየሪያው ገጽ ላይ ቃላቱን ሁሉ ወደ አማርኛ መልሼ ሰዓቱን መመለስ ረስቼ ነበር። የእኔን ዘጠኝ ፕሮግራሙ የባሕር ማዶ ዘጠኝ አድርጎ አነበበው፤ እሱም የእኛ የጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። የጫካው ዐይን ሁሉ እኔ ላይ ነበር።

«የ... የለበትም መሰለኝ» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ራሴው ደነገጥኩ። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ጅቦ ነው። አልተቆጣም። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በቀስታ፣ «አንቺ ካልሽማ... ሳላውቅ ነክቼው ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ» አለኝ።

«ተነሥ!» አለ አንበሳ።

ጅቦ ተነሣ። ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ቀበሮ ተቀመጠችበት። የቡሊት ግጥሚያ በዘጠኝ ሰዓት ተካሄደ፤ ቡሊት በሁለት ኳስ በልጣ አሸነፈች፤ ሁሉም «ፍትሕ ማለት ይህ ነው» እያለ ወደ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ፕሮግራሙን ከፈትኩ። የጎደለው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ስድስት ሰዓት የሚደምር። አስገባሁት። መዝገቡ ምን እንዳረምኩና ስሜን ጠየቀኝ። እኔም «ትንሽ የፊደል ግድፈት» ብዬ ጻፍኩና የስሙን ቦታ ባዶ ትቼ ዘጋሁት።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሁሉም የተከፈተ ነገር የሚያነበው ከሌለ ከተዘጋ እንደማይሻል፣ ስህተቱን የሚያውቀውም በኀፍረት ዝም ካለ ፍርዱ ድሮም በተጠላው ላይ እንደሚወድቅ ነው።