የአህዪት ጣሪያና ነጩ አፈር

አንድ ጊዜ፣ ነፋስ የሣር ክዳን በማያስቀምጥበት ተራራ ጫፍ ላይ፣ አንዲት አህያ ከባሏ ከአመዴ ጋር ትኖር ነበር። በዚያ አገር እንስሳት ሁሉ ቤታቸውን በድንጋይ ይሠራሉ። ጣሪያውን ጠፍጣፋ ያደርጉና ወራጅ እንጨት ደርድረው፣ ጭራሮና ስስ ድንጋይ አልብሰው፣ በመጨረሻ አፈር ያለብሱታል። አንድ ዝንጀሮ ብቻ «እኔ በሣር እከድናለሁ» ብሎ ነበር። በማግሥቱ ክዳኑን ሲፈልግ የዋለው ማዶ ካለው ሸለቆ ነው።

አመዴ አፈር መምረጥ ያውቅ ነበር። አመራረጡ ግን የራሱ ነው። መጀመሪያ አፈሩ ላይ ይንከባለላል። ከዚያ ተነሥቶ ካፊያ ውስጥ ይቆማል። ጀርባው ላይ የተለጠፈው አፈር ቶሎ ከታጠበ ትቶት ይሄዳል። ውኃው ተንሸራቶ አፈሩ ከቀረ ግን ጆሮዎቹን ቀጥ አድርጎ፣ «ይኼ ቤት ይሆናል!» ይላል።

ጎረቤቶቹ ይስቁበት ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ በሽምግልናህ እንደ ውርንጭላ ትንከባለላለህ?» ይሉታል።

«እናንተ አፈሩን በዓይናችሁ ትመርጡና ክረምት ሲገባ ጀርባችሁ ይበሰብሳል። እኔ ከወዲሁ በጀርባዬ እመርጣለሁ» ይላቸዋል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለቱ ጣሪያቸው ላይ ወጥተው ጎን ለጎን ይተኛሉ። ነጩ አፈር ቀን የጠጣውን ሙቀት መልሶ ይሰጣቸዋል። እሱ አንገቷን በጥርሱ ያክክላታል፤ እሷም የሱን። ሳይነጋገሩ ማዶ ማዶውን እያዩ ያመሻሉ። አህዪት ያን ጊዜ፣ ደስታ እንዲህ ዝም ያለ ነገር መሆኑን አላወቀችም ነበር።

ነጩ አፈር የሚገኘው ከቁልቁለቱ ግርጌ ካለ ጉድጓድ ነበር። አንድ በጋ አመዴ አፈር ሊያመጣ ወረደ፤ አፋፉ ተናደበት። ጎረቤት ተጠራርቶ ቢቆፍርም አልደረሰለትም። እዚያው ከጉድጓዱ ማዶ ቀበሩት። ከዚያ ወዲህ አህዪት በዚያ መንገድ ወርዳ አታውቅም።

በልቅሶው ዕለት ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው ጅብ ነበር። ከእንባው ግን ምራቁ ይበዛ ነበር። «ብቻሽን እንዴት ትሆኚ? ዋሻዬ ሰፊ ነው፤ ነይ ግቢ» አላት። የአህዪት በር ጠንካራ ነው፣ እርግጫዋም ይታወቃል፤ ስለዚህ ጅብ ቤቷ ድረስ ገብቶ ሊበላት አይደፍርም። ቤቷ ከፈረሰ ግን፣ የጎረቤቶቿ ቤት ጠባብ ስለሆነ፣ ሌላ መጠጊያ እንደሌላት ያውቃል።

ክረምት ሊገባ ሲል የጣሪያው አፈር መታደስ ነበረበት። ነፋስ ጠራርጎት ስስ ድንጋዩ መታየት ጀምሮ ነበር። ይኼኔ ቀበሮ መጣች። ጅብ የአህዪትን አጥንት ሊተውላት ቃል ገብቶላት ነው የመጣችው።

«እህቴ፣ እግዜር ያጥናሽ። እንዴት ዋልሽ?»

«እንደምታይኝ ነው።»

«ጣሪያሽ አልቋል እኮ!»

«አውቃለሁ። አፈር ማምጣት አለብኝ።»

«ከየት? ከዚያ ጉድጓድ?» ቀበሮ ደረቷን መታች። «ኧረ በሞቴ! ባልሽን የበላውን አፈር ተሸክመሽ መጥተሽ ከራስሽ በላይ ልታደርጊው? እኔ ብሆን ስሙንም አልጠራ። ይኸው ደጅሽ ላይ ጥቁር አፈር ሞልቶ! ሲያብረቀርቅ እይው፤ ቅቤ የተቀባ አይመስልም?»

«አመዴ፣ ጥቁር አፈር ለጣሪያ አይሆንም ይል ነበር። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።»

«አመዴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ብዙ ነገር ይል ነበር» አለች ቀበሮ። «አሁን ግን የምትሸከሚው አንቺ ነሽ።»

አህዪት ቀበሮን አላመነቻትም። ነገር ግን ወደ ቁልቁለቱ መንገድ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። ጥቁሩ አፈር ደግሞ ቅርብ ነው፤ ምንም አያስታውሳትም። ስለዚህ ከደጇ እየዛቀች ጣሪያውን አለበሰችው። ሲያልቅ እውነትም ያምር ነበር።

ፀሐዩ ጠና። ጥቁሩ አፈር ተሰነጠቀ። አንድ እንሽላሊት ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ በዚያው ቀረ። ቀጥሎ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ውኃው በስንጥቁ ሁሉ ጭቃ እየያዘ ወደ ቤት ገባ። ከላይ የቀረው አፈር አብጦ ከበደና ወራጁ ይንቋቋ ጀመር።

ወዲያው ከበሩ ውጭ የጅብ ድምፅ ተሰማ።

«እመት አህዪት! የሚዘንበው ውጭ ነው ወይስ ውስጥ?»

«ምን ፈለግህ፣ አያ ጅቦ?»

«አሳዘንሽኝ። የኔ ዋሻ አያፈስም። ማንም ገብቶ፣ አልተመቸኝም ብሎ የወጣ የለም።»

«ለመሆኑ የወጣ አለ?»

ጅብ ትንሽ አሰበ። «አሁን ስትጠይቂኝ… የለም። ሁሉም ተመችቷቸው ነዋ!»

አህዪት በሩን በእርግጫ ብትለው ጅብ ዘልሎ ሸሸ። እሷ ግን ታውቀዋለች፤ ከዚህ የባሰ ዝናብ ቢመጣ ወራጁ ይሰበራል፤ ያን ጊዜ ከጅብ ዋሻ ሌላ የምትገባበት የለም። ዞር ስትል ከጣሪያው የሚወርደው ጭቃ ወለሉ ላይ አመዴ ይተኛበት የነበረውን ቦታ እየቦረቦረ ነበር። ጎኑ ያረፈበት ጎድጓዳ ምልክት ቀስ በቀስ እየጠፋ ነው። ሌላውን ሁሉ ትችለው ነበር፤ ይኼን ግን አልቻለችም።

በማለዳ ቁልቁለቱን ወረደች። ጉድጓዱ ሲታያት ቆመች፤ አለቀሰችም። ቀስ ብላ ቀርባ ነጩ አፈር ላይ ተጋደመች። አፈሩ እሱን እሱን ሸተታት። ሳታስበው ተንከባለለች፤ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ። ይህ ቦታ አመዴ የሞተበት ብቻ አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ እግሮቹን ወደ ሰማይ አንሥቶ በደስታ የተንከባለለበትም ነበር። ይኼን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ረስታው ኖራለች። ካፊያ ሲመጣ ተነሥታ ቆመች። ውኃው ከጀርባዋ ተንሸራተተ፤ አፈሩ ቀረ።

ከማይናደው ወገን እየዛቀች ተመላለሰች። ጥቁሩን አፈር ጠርጋ ጣለች፤ ነጩን አለበሰች። የቀረው መርገጥ ብቻ ነበር። አዲስ የጣሪያ አፈር እርጥብ ሳለ ካልተረገጠ አይጠብቅም። ስለዚህ በዚያ አገር ጎረቤት ተሰብስቦ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ እየዘፈነም ይረግጣል። አህዪት ጎረቤት ልትጠራ ስትወጣ ግን ሰማዩ ጠቆረ፤ ጅብና ቀበሮም በጉም ውስጥ ሲመጡ አየቻቸው። ተመልሳ በሯን ዘጋች።

«አፈሩ ገና ልል ነው» አለች ቀበሮ በሹክሹክታ። «ላዩ ላይ ወጥተህ ዝለል። ጣሪያው ይሰበርና ቀጥ ብለህ ምሳህ ላይ ትወድቃለህ።»

ጅብ ምሳ የሚለውን እንጂ ሌላውን አልሰማም። ወጣና መዝለል ጀመረ።

አህዪት ከውስጥ ጥግ ይዛ ቆመች። የጅቡ እግር ባረፈ ቁጥር ድምፁ ልፍስፍስ ያለ ነበር፤ አፈር ከላይዋ ይረግፋል። ጅብ እየተንጎማለለ ከዳር እስከ ዳር ዘለለ። ቀበሮ ከታች ሆና «በርታ! ሊሰበር ነው! ደግመህ ርገጠው!» ትለዋለች። ቆይቶ ድምፁ ተለወጠ። ድም፣ ድም፣ ድም ማለት ጀመረ። የሚረግፍ አፈርም ጠፋ። አህዪት ጆሮዋን አቀናች። ይኼን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ጣሪያ ሲጠብቅ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቋ መጣ።

«አያ ጅቦ!» አለች ከውስጥ። «ከበሩ በላይ ያለው ጥግ ትንሽ ይቀረዋል!»

«እሺ!» አለ ጅብ እያለከለከ። ሄዶም አሳምሮ ረገጠው።

ያን ጊዜ ዝናቡ ወረደ። ውኃው በጠበቀው ነጭ አፈር ላይ መንሸራተት ሲጀምር ጅብም አብሮ ተንሸራተተ፤ ከጣሪያው ጠርዝ ተወርውሮም ቀበሮ ላይ ወደቀ። ቀበሮ ተጨፍልቃ ጮኸች። ጅብም እያነከሰ ሲሄድ ወደ አህዪት በር ዞር ብሎ፣ «ሴትዮ፣ ጣሪያሽ የማይረባ ነው፤ አንዲት ቀዳዳ እንኳ የለውም!» አላት።

ክረምቱ በዚያች ቀን ገባ። አህዪት በደረቁ ወለል ላይ ጋደም ብላ ውኃው ከራሷ በላይ መንገዱን ይዞ ሲሄድ አዳመጠች። ጀርባዋ ላይ ገና ነጭ አፈር ነበረ። አላራገፈችውም።

ከዚህ የምንማረው፣ ሐዘናችንን ሽሽት ለእጃችን የቀረበውን ሁሉ ከመያዝ ይልቅ፣ ወደ ሐዘናችን ቦታ ደፍረን ወርደን የሚበጀንን ይዘን መመለስ እንደሚሻል ነው።