የሰው ደጅ የሚያሳየው መስታወት

«ተረት ተረት!»

«እየሰማን ነው አያቴ፣ ወዲህ በይልን!»

«ከሰማችሁስ ያቺን የምታበራዋን ዕቃ ፊቷን ወደ ምንጣፉ ድፏት። እሷ ተረት አትወድም። ደፋችኋት? እሺ።»

በድሮ ዘመን ጠጅቱ የምትባል ጥጥ ፈታይ ነበረች። ባሏ ሞቶባት ከአንዲት ሴት ልጇ ጋር ትኖር ነበር። የልጅቱ ስም ማንጠግቦሽ ነው። ጠጅቱ እንዝርቷን ማሾር ከጀመረች ሌላ ነገር አታይም። ልጅቱ ግን ጠጠር በእፍኟ ይዛ ትመጣና ከፊቷ ቁጢጥ ትላለች።

ልጅቱም፦ «እማዬ፣ ቅልሞሽ እንጫወት» ትላታለች።

እናትየዋም፦ «ቆይ፣ ይህችን ባዘቶ ልጨርስ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሌላ ባዘቶ አለ። ሂጂ ከዶሮዎቹ ጋር ተጫወቺ።»

«ዶሮዎቹ አይችሉበትም!»

ጠጅቱ ክፉ እናት አልነበረችም። ፈትል ካልሸጠች እህል የለም። እህል ከሌለ ደግሞ ጨዋታም የለም። ይህንን ለልጅቱ ብዙ ጊዜ ነግራታለች። ልጅቱም ሰምታ ስታበቃ ጠጠሩን እንደገና ትዘረጋለች።

አንድ ቀን በቅሎ የሚነዳ ነጋዴ በደጇ አለፈ። ከጭነቱም አንድ መስታወት አወጣና አሳያት። ሌላው መስታወት የባለቤቱን ፊት ያሳያል። ይህኛው ግን ከባለቤቱ ፊት ጋር ጉዳይም የለው። የሰው ደጅ ነው የሚያሳየው። የሰው ሠርግ፣ የሰው ገበያ፣ የሰው ልጆች ሲሯሯጡ።

ነጋዴውም፦ «ለልጅሽ ስጫት። ከዚያ በኋላ ልጅ እንዳለሽም ትረሺዋለሽ» አላት።

ስለ ዕቃው እንዲህ አድርጎ እውነቱን የሚናገር ነጋዴ አይበዛም። ጠጅቱ ግን ምርቃት መሰላትና የቀጠነውን ፈትሏን ሰጥታ መስታወቱን ወሰደች።

ከዚያም ቤቱ ጸጥ አለ። ማንጠግቦሽ መስታወቱን ይዛ መደቡ ላይ ትቀመጣለች። ብዪ ሲሏት ትበላለች፣ ተኚ ሲሏት ትተኛለች። ጎረቤታቸው ደብሪቱ አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ብቅ አለችና፦ «አንቺ ጠጅቱ፣ ልጅሽን ዘመድ ጋ ላክሻት እንዴ? ድምጿ ጠፋ» አለቻት።

«ኧረ እዚሁ ናት! ጨዋ ሆነችልኝ።»

«ታድለሽ! የእኔዎቹ ጣራውን ሊያወርዱት ነው።»

ጠጅቱም ኮራች። ፈትሉም በረከተ።

ታዲያ አንድ ቀን ልጅቱ ከት ብላ ስትስቅ ሰማች። ያንን ሳቅ ከሰማችው ሰንብታ ነበርና እንዝርቷን ይዛ ሮጠች።

«ምን አሳቀሽ ልጄ?»

«እሷ።»

ጠጅቱ ጎንበስ ብላ አየች። መስታወቱ ውስጥ አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ ከልጇ ጋር ቅልሞሽ ትጫወታለች። ጠጠሩ ከእጇ ይወድቅባታል፣ ልጇም ትስቅባታለች።

«ማናት?»

«እናትየዋ ናት።»

«ስሟስ?»

«አላውቅም። ግን ትጫወታለች።»

ጠጅቱ እንዝርቷን አስቀመጠች። ፊቷን አዙራ በነጠላዋ ጠረገችና ተመለሰች።

«ነይ፣ አኩኩሉ እንጫወት። አንቺ ጨፍኚ፣ እኔ ልደበቅ።»

ልጅቱ አየቻት። ከዚያም መስታወቱን አጠገቧ አኖረችና ዓይኗን ጨፈነች። ጠጅቱም ያን ሁሉ ቁመቷን አጥፋ ከእህል ጎታው ጀርባ ገባች።

ልጅቱም፦ «አኩኩሉ!»

እናትየዋም፦ «አልነጋም!»

«አኩኩሉ!»

«አልነጋም!»

«አኩኩሉ!»

«ነጋ!»

ከዚያም ጠበቀች። ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን ያዘች። አሁን ትመጣለች፣ አለች በልቧ። መጀመሪያ ከበሩ ኋላ ነው የምታየው፣ አለች። በበሩ የገባው ፀሐይ መሬቱን እየዳኸ ግድግዳው ዘንድ ደረሰ። ጉልበቷ ደነዘዘ። ሳቋም ቀስ እያለ ጠፋ።

በኋላ ደብሪቱ እሳት ልትጭር መጣች። ልጅቱን፦ «እናትሽስ?» ብትላት ልጅቱ ከመስታወቱ ቀና ሳትል፦ «እንጃ» አለች። ደብሪቱ ጓዳውን ስትቃኝ ጠጅቱን ተቆራምታ አገኘቻት።

«በስመ አብ! ምን ሆነሻል? ከማን ነው የተደበቅሽው?»

ጠጅቱም በሹክሹክታ፦ «ሂጂልኝ። ገና አልተገኘሁም» አለቻት።

ደብሪቱ ምን ትበል? እሳቷን ይዛ ወጣች። ስትወጣ ግን ለልጅቱ፦ «እናትሽን ፈልጊያት እንጂ!» አለቻት።

ማንጠግቦሽ ቀና አለች። ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች።

«እማዬ?»

ጠጅቱ አቤት ልትል ቃጣት። ነገር ግን «ነጋ» ካሉ በኋላ የተደበቀ ሰው አይናገርም። የጨዋታው ሕግ ነው። ከተናገረ ጨዋታው ፈረሰ ማለት ነው። እሷ ደግሞ ይህኛው እንዲፈርስ አልፈለገችም። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

«እማዬ? የለሽም?»

ጠጅቱ ትንፋሿን እንኳ ያዘች።

ልጅቱም ትንሽ ጠበቀች። ከዚያም መስታወቱን መልሳ አነሳች። ጠጅቱ ከጎታው ጀርባ ሆና የልጇን ሳቅ እንደገና ሰማች።

«አያቴ፣ ለምን ወጥታ አትሰብረውም?»

«ብትሰብረው ናርዶስ፣ ልጅቱ የምታለቅሰው ለመስታወቱ ነበር።»

«ግን እኮ እዚያው ነበረች! ተነስታ ብትፈልጋት እዚያው ጎታው ጋ ነበረች!»

«አዎን ልጄ። እዚያው ነበረች።»

በሉ፣ ተረቴን ከእኔ ተረከቡኝ፣ ለደረቀው ጉሮሮዬ ደግሞ ቤት ያፈራውን አቅምሱኝ።