የበዓል ቀን ሞሰብ

ተረት ተረት።

የማታ በረከት።

በድሮ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ወሎ ውስጥ ስመኝ የምትባል ልጅ ነበረች። ስመኝ አንድ ጥያቄ በሆዷ ይዛ ዓመታት ኖረች። በበዓል ቀን የተሰፋ ስፌት ኃጢአት ነው ወይስ ጸሎት?

ጥያቄውን ያወረሰቻት አያቷ የውብዳር ናት። የውብዳር ስፌት ሰፊ ነበረች። የስፌቱን ሣር፣ አክርማውን፣ ራሷ ቀለም ውስጥ ትነክርና ሌላ ሴት አስባው የማታውቀውን ሐረግ ታወጣበታለች። በዚያ አገር ታዲያ በማርያም ቀን፣ በሚካኤል ቀን ወስፌ አይነሳም። የሠራ ሰው በረዶ ይጠራል ይባላል። የውብዳር ግን ቤተ ክርስቲያን ስማ ትመለስና ጓሮ ተቀምጣ አንድ ሞሰብ ትሰፋለች። በሥራ ቀን የምትሰፋው ለገበያ ነው። ያንን ሞሰብ የምትነካው በበዓል ብቻ ነው።

ስመኝም ጠየቀቻት፦ «እምዬ፣ ኃጢአት አይደለም ወይ?»

እሷም፦ «ምኑን አውቄ ልጄ። ቆሜ ስጸልይ ልቤ ገበያ ይሄድብኛል። ስሰፋ ግን ከእግዜር ጋር ነው። የቱን ይወድ ይሆን?» አለቻት።

ከዚያም የውብዳር የነፍስ አባቷን አባ ክንፉን ልትጠይቅ ሄደች። እሳቸውም፦ «በዓል ሽረሽ ደግሞ ትጠይቂኛለሽ? ሂጂ ስገጂ» አሏት። ሰገደች። ስትነሳ ጥያቄዋ እንዳለ ነው።

ከዚያም ወንዙን ተሻገረችና ሼህ ይማምን ጠየቀች።

ሼሁም፦ «ብነግርሽ አባ ክንፉ ምእመኔን ወሰዱብኝ ብለው ሊጣሉኝ ነው?» ብለው ሳቁ። ቆይተው ደግሞ፦ «እኔም መቁጠሪያዬን ይዤ ስለ በሬዬ የማስብበት ጊዜ አለ» አሏት። እሷም ደስ ብሏት ተመለሰች።

አንድ ዓመት በረዶ መጣና የአገሩን ባቄላ አረገፈው። ሽማግሌዎች ደጇ ቆሙ።

«የጠራሽው አንቺ ነሽ። ወስፌሽን አምጪ» አሏት።

ሰጠቻቸው። ዓመቱን ሙሉ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። በሚቀጥለው ክረምት በረዶው ከአምናው ብሶ መጣ። ሽማግሌዎቹም ወስፌውን መለሱላት።

የውብዳርም፦ «የዘንድሮውንስ ማን ጠራው?» ብላ ጠየቀች። ነገር ፈልጋ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው።

እነሱም፦ «ስፊ ብቻ፣ ስፊ» ብለዋት ሄዱ።

የውብዳር አረጀች። ዓይኗ ሲደክም በጣቷ እየዳሰሰች ሰፋች። ሞሰቡን ጨረሰችና ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ማንም ሳይበላበት፣ እሷም መልሱን ሳታገኝ ሞተች።

የተዝካሯ ቀን ዳስ ተጣለና አገሩ ተሰበሰበ። ስመኝ ሞሰቡን አወረደችው። ጎረቤታቸው እትዬ ደብሬ አይታ ደነገጠች።

«ልጄ፣ መልሺው። በእሱ ካቀረብሽ ሰው አይበላም። ያልተበላ ተዝካር ለነፍሷ ምን ይጠቅማታል?»

«በሌላ ባቀርብስ?»

«ይበላል፣ ነፍስ ይማር ይባላል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

«እትዬ፣ ኃጢአት መሆኑን በእርግጥ ያውቃሉ?»

«ኧረ እኔ ምኑን አውቄ። ሰው ሲል ሰምቼ ነው እንጂ።»

ስመኝ ቆማ አሰበች። ሞሰቡን ብትደብቀው አያቷን እንደገና ጓሮ መደበቅ መሰላት። ብታወጣው ደግሞ ድግሱ ሳይነካ ይቀርና ሟች ትዋረዳለች። ስመኝ ሰው ፊት መናገር የምትፈራ ልጅ ነበረች። ቢሆንም ዳቦውን ሞሰቡ ውስጥ አደረገችና ተሸክማ ዳሱ መሐል ገባች። አባ ክንፉ ፊት አስቀመጠችው።

«አባ፣ ይኼ አያቴ በበዓል ቀን የሰፋችው ነው» አለች። ድምፅዋ ቀጠነ። «ጥያቄዋን ያውቁታል። እኔም መልሱን አላውቅም። ይባርኩልኝ ወይም ይለፉት። ሌላ ሞሰብ ግን አላመጣም።»

ሰው ሁሉ ወደ አባ ክንፉ ዞረ። እሷም አልተቀመጠችም። ሞሰቡ አጠገብ ቆማ ጠበቀች።

ተረቴም አለቀ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ። በሉ ልጆቼ፣ ቆሎውን አቀብሉኝና ጠላ ቅዱልኝ።