ድንጋይ ቆጣሪዋ ልጅ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ከአንዲት የልጅ ልጅ በቀር ማንም ያልነበራት።

ልጅቷን በአራት ዓመቷ ተረክባ ያሳደገቻት እሷ ናት። አንድ ልጅ ብቻ ያለው ሰው እንዴት እንደሚኖር ታውቃላችሁ። ልጅቷ ስታስል ትደነግጣለች። ስትዘገይ በር ላይ ትቆማለች። ሰማዩ ሲያጉረመርም ጃንጥላ ይዛ አስፋልት ድረስ ትወርዳለች። የልጅቷ ስም ማስተዋል ነው። ሴትዮዋን ሰፈሩ እትዬ አትጠገብ ይላታል።

ማስተዋል አድጋ ኮሌጅ ገባች። ምን ልትማር? የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ማኅበራዊ አገልግሎት። ስሙ ረጅም ነው። እትዬ አትጠገብ እስከ ስድስተኛ ክፍል ብትማርም አፏ አልይዝ አላት።

«መርፌ ትወጊያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«አልወጋም እምዬ።»

«መድኃኒትስ ታዢያለሽ?»

«አላዝም።»

«ታዲያ ሐኪም ቤት ምን ልትሠሪ ነው? ልትጠርጊ?»

ማስተዋል ሳቀች። «በሽተኛው መርፌው ዘንድ እንዲደርስ ነው የምማረው። ሐኪም እያለ፣ መድኃኒት እያለ፣ መሃል መንገድ ላይ የሚቀር ሰው አለ እኮ።»

ይህ ለአያት መልስ ይሆናል? አይሆንም። አያት የምትፈልገው ነጭ ጋወን ነው። ስለዚህ ዕድር ላይ ሲጠይቋት «ሐኪም ልትሆን ነው» አለች። አንዴ አለችው፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ አቃታት። ሰፈሩም ልጅቷን «ዶክተሯ» ማለት ጀመረ። እናንተስ ስለ ልጆቻችሁ እንዲህ ያለች ትንሽ ጭማሪ ጨምራችሁ አታውቁም?

በሦስተኛው ዓመት ማስተዋል ለተግባር ልምምድ ወደ ከተማው ሆስፒታል ተላከች። መምህሯ «በሽተኛ ከበሩ ገብቶ ሐኪም ፊት እስኪቀርብ የሚገጥመውን ሁሉ ጽፋችሁ አምጡ» ብሏቸዋል። አያቷ ደግሞ የሆስፒታል በሽታ እንዳይዛት ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም በመሐረብ ቋጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችላት። «አፍሽን ሸፍኚ። የሚያስል ሰው አጠገብ እንዳትቆሚ» አለቻት። ሆስፒታል ውስጥ የማያስል ሰው ከየት ይገኛል?

ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤቷ ደብሬ እየሳቀች መጣች።

«እትዬ አትጠገብ! ዶክተራችሁን አየኋት እኮ!»

«የት?»

«ካርድ ክፍሉ ደጃፍ። ደብተር ይዛ ድንጋይ ትቆጥራለች! ሦስት ዓመት ሙሉ ተምራ፣ ድንጋይ!»

የድንጋዩን ነገር ለማታውቁ ልንገራችሁ። እዚያ ሆስፒታል ካርድ ለማውጣት የሚሰለፈው ሰው አይደለም፤ ድንጋይ ነው። የከተማው ሰው ገና ጎህ ሲቀድ ሄዶ ድንጋዩን በተራው ያስቀምጣል። ከዚያ ቤቱ ተመልሶ ቁርሱን በልቶ፣ ካርድ ክፍሉ ሁለት ሰዓት ሲከፈት ይመጣና ድንጋዩ ባለበት ይቆማል። ባለቤቱ ባይኖርም ድንጋዩ እንደ ሰው ይቆጠራል። ማንም የማንንም ድንጋይ አይነካም፤ ሌባ እንኳ አይነካውም! እትዬ አትጠገብም የራሷ ድንጋይ ነበራት። የቤቷ በር ሲቀባ ሰማያዊ ቀለም የፈሰሰበት፣ በሯ ደፍ ላይ የሚውል ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ለደም ግፊቷ ቀጠሮ ባላት ቁጥር ይዛው ትሄዳለች። አንዳንዴ ለደብሬም ተራ ትይዝላታለች፤ ጉርብትና ነዋ።

የዚያን ቀን እትዬ አትጠገብ አፈረች። ደግሞም ፈራች። በሰው ድንጋይ ዙሪያ ደብተር ይዛ የምትዞር ልጅ፣ አንዱ ቁጡ ተነሥቶ ቢመታትስ? ስታወጣ ስታወርድ ሰንብታ ወሰነች። ሰኞ ቀጠሮዋ ነው። ከሐኪሙ ስትወጣ ልጅቷን ይዛ ኮሌጁ ሬጅስትራር ትሄዳለች፤ ከትምህርቱ ታስወጣታለች። አንድ ዘመዷ የጨርቅ ሱቅ አለው፤ እዚያ ጥላ ሥር ትቀመጥላት። ለማስተዋልም እሑድ ነገረቻት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ሰማች።

ሰኞ ማለዳ እትዬ አትጠገብ ሁለት ድንጋይ አስቀመጠች፤ ሰማያዊውን ለራሷ፣ አንድ ግማሽ ጡብ ለደብሬ። ቤቷ ተመልሳ ቁርሷን ቀማምሳ በሁለት ሰዓት መጣች። ማስተዋልን ፍለጋ እስከ ሰልፉ ጭራ ሄደች።

ማስተዋል አንድ ሰው አጠገብ ቁጢጥ ብላለች። ሰውየው ከገጠር የመጣ ነው፤ አንድ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሏል።

«ስንተኛ ቀንዎ ነው አባቴ?»

«ሦስተኛዬ ነው ልጄ። በመጀመሪያው አውቶቡስ ነው የምመጣው። እኔ ስደርስ ድንጋዩ ቀድሞኛል። ሐሙስ ተመለስሁ፣ ዓርብ ተመለስሁ። ሰው ቢቀድመኝ አይከፋኝም፤ ሰው ይታመማል። ድንጋይ ግን ምኑን ነው የሚያመው?»

«እርስዎስ ለምን አያስቀምጡም?»

«ታዲያ ከአገሬ ሆኜ ልወርውረው?»

አጠገቡ ያሉት ሳቁ። እትዬ አትጠገብ አልሳቀችም። የሰውየውን እግር ታይ ነበር። ጨርቁ ርሷል።

ጥበቃው ወጥቶ «ዛሬ ሠላሳ ሰው ብቻ! ከዚያ በኋላ ያላችሁ ነገ!» ብሎ ጮኸ።

«ሠላሳ ሁለተኛ ነዎት አባቴ» አለች ማስተዋል፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

አያቷ ከኋላዋ ሆና ወደ ደብተሩ አጎነበሰች። ፊደል እየቆጠረች አነበበችው። «አሥራ ሦስት፦ ክብ ድንጋይ፤ ባለቤቱ መጥቷል። አሥራ አራት፦ ሰማያዊ ቀለም ያለበት፤ ባለቤቱ የለም። አሥራ አምስት፦ ግማሽ ጡብ፤ ባለቤቱ የለም።»

ልጅቷ ያንን ድንጋይ ሳታውቀው ቀርታ ነው? ስትወጣ ስትገባ እየረገጠችው ያደገች! አውቃዋለች። ስም ግን አልጻፈችበትም።

«ማስቴ... ደብሬ መጥታለች?»

«አልመጣችም እምዬ። ተሽሎኛል ብላ ገበያ ስትወርድ ነው ያየኋት።»

«ተሽሏታል!» እትዬ አትጠገብ በንዴት ሄዳ ጡቡን ብድግ አደረገችው። ሰልፉ አንድ ተራ ጠጋ አለ። ዞር ብላ ማስተዋልን አየቻት። ማስተዋል አንድ ጣቷን አነሣች። ሰውየው ሠላሳ አንደኛ ሆነ፤ ገና አንድ ተራ ይቀራል።

የሌላውን ድንጋይ ማንሣት እንዴት ቀላል ነው! የራስስ?

ሰማያዊውን ድንጋይ ቁልቁል እያየች ቆመች። ቤት ያላት ክኒን የሁለት ቀን ነው። ካለቀስ? ዛሬ ባትታይና ቢጥላትስ? ልጅቷን ማን ያያታል? ጭንቀቷ መጣባት። ግን ቤቷ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ነገ ለእሷ ቅርብ ነው። ለዚያ ሰውዬ ነገ ምን ያህል ሩቅ ነው?

ጎንበስ አለች። ድንጋዩን አንሥታ ነጠላዋ ውስጥ ጠቀለለችው።

ሰውየው ሠላሳኛ ሆኖ ካርድ አወጣ። ሲያልፍ ቆም ብሎ «እናቴ፣ የእርስዎስ ተራ?» አላት።

«የእኔ ድንጋይ አሞታል» አለችው። «ቤት ልውሰደው።»

ማስተዋል ደብተሯን አጥፋ ቦርሳዋን አነገተች። «እንሂድ እምዬ፤ ሬጅስትራር ብለሽኝ አልነበር?»

«የት ነው የምትሄጂው? ሥራሽን ሥሪ! አሥራ አራት ላይ ያለውን አርሚው። ባለቤቷ መጣች ብለሽ ጻፊ።»

ስትመለስ ከገበያ የምትገባውን ደብሬን መንገድ ላይ አገኘቻት።

«እትዬ አትጠገብ፣ ዶክተሯ ዛሬም ድንጋይ ትቆጥራለች?»

«ዶክተር አይደለችም ደብሬ። ዋሽቻችሁ ነው። ድንጋይ ቆጣሪ ናት፤ ያንቺንም ቆጥራዋለች» ብላ ጡቡን ዘንቢሏ ላይ አስቀመጠችላት።

ወገኖቼ፣ ሆስፒታሉን እዚያው እንተወውና ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ በሌለንበት ቦታችንን ይዞ የተቀመጠ ስንት ድንጋይ አለ? ጎረቤታችሁ ታሞ ሁለት ወር ተኛ፤ እናንተ «እግዜር ይማርህ በሉልኝ» ብላችሁ ላካችሁ። ድንጋይ ነው። ልቅሶ ቤት ለመታየት ያህል ተቀምጣችሁ፣ ልባችሁን ሱቅ ትታችሁ መጣችሁ። ድንጋይ ነው። በጸሎትስ? ጉልበታችሁ እዚህ፣ ሐሳባችሁ የት?

ልጆቻችሁንም ተመልከቱ። «ምን ትሆኛለሽ?» እያላችሁ ታስጨንቋቸዋላችሁ። «ማንን ካሰበበት ታደርሺልኛለሽ?» ብላችሁ ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ?

ይህን ሰምታችሁ ደግሞ የሰው ድንጋይ ልታነሡ አትሩጡ። የደብሬን ማንሣት ማንን ያቅተዋል? እግዚአብሔር በሰልፋችን መካከል ሲያልፍ የእኔን ድንጋይ ያውቀዋል፤ የእናንተንም ያውቀዋል። ስማችንን ሳይጽፍ የታገሠን፣ ባለቤቱ ይመጣ እንደሆነ ብሎ ነው።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ አዳራሽ ስትገቡ ለወዳጆቻችሁ ብላችሁ አግዳሚው ላይ ነጠላ ዘርግታችኋል፤ ጃኬት አኑራችኋል። አልቆጣችሁም። ግን እስኪ ዞር ብላችሁ በሩን እዩ። ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ አንዲት እናት አሉ። ከጀመርን ጀምሮ እግራቸውን እያቀያየሩ ነው። ወዳጆቻችሁ ግን እስካሁን አልመጡም።

ነጠላውን አንሡት። ስብከቱ ይቆያል።