ከተማ ሁሉ ያየው ጅብ

አንድ ጊዜ እንስሳት ሁሉ ባሕር ማዶ የመሻገር አምሮት ይዟቸው ነበር። አምሮቱን ያመጣባቸው ጉማሬ ነው። በየዓመቱ ክረምቱ ሲያበቃ «የማዶው ሣር ይጥመኛል» ይልና ይሻገራል፤ እዚያ ሦስት ቀን ግጦ ይመለሳል። ጀርባው ሰፊ ስለሆነ ደግሞ መንገደኛ ይጭናል። የመመለሻው ሰዓት ሲደርስ ግን ማንንም አይጠብቅም፤ የቀረ ይቀራል።

ንጉሡ አንበሳም ለዚህ ጉዞ ሕግ አውጥቶለት ነበር። «ብቻውን የሄደ ያሻውን ይዋሻል» ብሎ፣ መንገደኞች ሦስት ሦስት እየሆኑ እንዲሄዱና ሲመለሱ እንዲመሰካከሩ አዘዘ። «በመንገድ ላይ ጓደኛውን የበላ ደግሞ እኔ ራሴ እበላዋለሁ» አለ። ይቺን የጨመራት ለማን ብሎ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

የዚያን ዓመት ዕጣ የወጣላቸው ጅብ፣ ቀበሮና አህያ ነበሩ። ሦስቱም ከሠፈራቸው ወንዝ ወዲያ ረግጠው አያውቁም። ማዶ ያሉት ከተሞች ብዙ፣ የጉዞው ቀን ግን ጥቂት ነውና፣ የት የት እንደሚሄዱ ሊመክሩ ከአንድ የሾላ ዛፍ ሥር ተቀመጡ።

ጅብ ማንም ሳይጠይቀው ጀመረ።

«ጮማ በርን እናያለን። ከዚያ ነጭ ግንብን፣ ከዚያ ሰባት ምንጭን፣ ከዚያ ዋርካ ማዶን። ሌላም የምታውቁት ካለ ጨምሩበት።»

«አያ ጅቦ፣ ቀኑ እኮ ሦስት ነው» አለች ቀበሮ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ሲባል አልሰማህም?»

«እሱ የተባለው ሁለት እግር ላለው ነው» አለ ጅብ። «እኔ አራት አለኝ።»

ብልህ ሁሉ አንዳንድ ጊዜ በሞኝ ፊት አፉ ይያዛል።

አህያ እስከዚያ ድረስ ጆሮዋን ጥላ ታዳምጥ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«እኔ የምመኘው አንድ ከተማ ብቻ ነው፤ ጭድ አምባን። ልጄ እዚያ ተድራ ከሄደች ወዲህ ዓይኗን አላየሁም። ዘንድሮ ወልዳለች አሉኝ። የልጅ ልጄን አንድ ጊዜ አሽትቼ ብመለስ፣ ሌላውን ባላይም አይቆጨኝም።»

«ጭድ ለማየት ባሕር ልሻገር?» አለ ጅብ። «ስመለስ ምን አየህ ቢሉኝ ምን ልላቸው ነው? ጭድ ልበል? ጭድ አምባ አንሄድም።»

ይህን ብሎ ጥርሱን ገለጥ አደረገ። ጅብ ጥርሱን ሲገልጥ ምክክር አበቃ ማለት ነው።

አህያ ከዛፉ ጀርባ ዞራ አለቀሰች። ጉማሬ የሚሻገረው በዓመት አንዴ ነው፤ እሷም አርጅታለች፤ ዕጣውም ዳግመኛ ለእሷ እንደሚወጣ ማን ያውቃል? ቀበሮ ኮቴዋን ሳታሰማ ተከተለቻት።

«እትዬ አህያ፣ ጭድ አምባ ባደርስሽ ምን ታደርጊልኛለሽ?»

«እኔ ደግሞ ምን አለኝ ብለሽ ነው፣ እመት ቀበሮ?»

«ጀርባ አለሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዳ አገር ስገባ በእግሬ እየተንከላወስኩ፣ አቧራ ለብሼ መታየት አልፈልግም።»

«እግርሽን መሬት አላስነካም።»

«እንግዲያው እንባሽን ጥረጊ። የሚያለቅስ ጀርባ ይንቀጠቀጣል፤ አይመችም።»

ከዚያ ቀበሮ ወደ ጅብ ተመለሰችና እግሩ ሥር ቁጢጥ አለች።

«አያ ጅቦ፣ ባስበው ባስበው ልክ አንተ ሆንክ። ሁሉንም ከተማ ማየት ነው የሚሻለው። ግን ባዶ እጅህን ልትሄድ ነው? ማዶ ዘመድ የሌለው ማን አለ? የምትሄድባቸውን ከተሞች በሠፈሩ አስነግር፤ አደራ የማይልክብህ አይኖርም። አደራ ያደረሰን እንግዳ ደግሞ ሳያበላ የሚሸኝ አገር የት ይገኛል?»

ጅብ ከዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ የሰማው ስለ መብል የተነገረውን ብቻ ነው። ወዲያው ኮረብታው ላይ ወጥቶ የከተሞቹን ስም አንድ በአንድ ጮኸ።

እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ባሕር ማዶ ሊሄድ ነው ከተባለ ጎረቤቱ ሁሉ «ትንሽ ናት፣ አትከብድህም» እያለ ጥቅል ይዞ ይመጣል። እንስሳት ይህን ከእኛ ይማሩት እኛ ከእነሱ እንማረው አይታወቅም። ነብር ጮማ በር ላለው ወንድሙ በርበሬ የጠገበ ቋንጣ አመጣ። አነር ነጭ ግንብ ላለችው አክስቱ የበግ ላት ላከ። ውሻ እንኳ የጥንት ጠቡን ትቶ፣ ሰባት ምንጭ ላለው አጎቱ አንድ ቅልጥም አስረከበ።

«እንዳትልሰው» አለው።

«ምን ቆርጦኝ» አለ ጅብ።

በዚህ ዓይነት ሁሉንም ተቀብሎ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ለጭድ አምባ ማንም ምንም አልላከም።

የጉዞው ቀን ጉማሬ ሦስቱን ጭኖ ቀዘፈ። ባሕሩ እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ፀሐይዋ በረታችና ጥቅሎቹ ይሸቱ ጀመር። ጅብ ተቁነጠነጠ።

«እመት ቀበሮ፣ የነብርን ቋንጣ ውሃ ነክቶት ይሆን እንዴ? ገልጬ ልየው?»

«አደራ አይበላም፣ አያ ጅቦ።»

«ማን ልብላ አለ? ልየው ነው ያልኩት።»

አየው፤ ያየው ግን በምላሱ ነው። ቋንጣው ካለቀ በኋላ ተከዘ። «የነብር ጠፍቶ የአነር ቢደርስ ቅሬታ ይፈጠራል» አለና ላቱን ዋጠው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «የሁለቱ ጠፍቶ የውሻ ብቻ ቢደርስ አድልዎ ይሆናል» ብሎ ቅልጥሙን ቆረጣጠመው። ቀበሮ በዚህ ሁሉ ጊዜ የአህያ ጀርባ ላይ ተኮፍሳ ደመና ታያለች።

ወሬ ግን ጉማሬን አይጠብቅም። ወፎች ቀድመው ተሻግረው፣ ማን ለማን ምን እንደላከ በየከተማው አዳርሰዋል። ስለዚህ መንገደኞቹ ማዶ ሲደርሱ የነብር ወንድም ከዳርቻው ቆሞ ጠበቃቸው። በቁመትም በደረትም ከወንድሙ ይበልጣል።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። አያ ጅቦ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ» አለ ጅብ፣ አንቱ ሲባል የመጀመሪያው ስለሆነ ደረቱን ነፍቶ።

«ቤት ተሰናድቷል። ወንድሜ የላከልኝን ቋንጣ አብረን እንድንቀምስ ድስቱን ጥደን ነው የምንጠብቀው። ይስጡኝ፣ እኔ ልያዝልዎት።»

ጅብ አንገቱን ደባበሰ። ከዚያ ወደ ኋላው ዞረ።

«ቋንጣው… አህያዋ ናት የያዘችው።»

ነብሩ ወደ አህያ ተመለከተ። ጀርባዋ ላይ ቀበሮ እንጂ ሌላ ጭነት የለም። አህያ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ልጇ ያለችበትን አገር ረግጣ፣ ልጇን ሳታይ የነብር ምሳ ልትሆን ነው።

«ጌታዬ» አለች ቀበሮ በትሕትና፣ «አያ ጅቦ አንድ ጊዜ እፍ ቢሉልዎት ነገሩ ይጣራ ነበር።»

ነብሩ ተጠግቶ የጅብን አፍ አሸተተ።

«ይህ የእናቴ በርበሬ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ጅብ ሮጠ። ስለ ጅብና ስለማያውቁት አገር የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የእኛው ጅብ ግን ቁርበት አንጥፉልኝ ለማለት እንኳ ፋታ አላገኘም። ጮማ በርን በበሩ ገብቶ በአጥሩ ወጣ። ነጭ ግንብ ሲደርስ የአነር አክስት ከነልጆቿ ላቷን ልትቀበል ደጅ ላይ ተሰልፋለች፤ ግንቡን ታክኮ ዞሮ አመለጠ። ሰባት ምንጭ ያለው የውሻ አጎት ብቻውን አልነበረም፤ ለቅልጥሙ ክብር የአገሩን ውሻ ሁሉ ጋብዟል። ለዋርካ ማዶ የተላከ አደራ አልነበረም፤ ጅብ ግን ይህን ለማስታወስ ጊዜ ስላልነበረው ከዚያም ሸሸ።

አህያና ቀበሮ ይህን ጊዜ ጭድ አምባ ገብተዋል። ልጅቱ እናቷን ከሩቅ በአረማመዷ አወቀቻትና ሁለቱ አንገት ላንገት ተያይዘው አለቀሱ። ውርንጭላዋ በመጀመሪያው ቀን አያቷን ፈርታ ከእናቷ እግር መሃል ተደበቀች። በማግስቱ ተጠግታ ጭራዋን ጎተተች። በሦስተኛው ቀን አያቷ የሄደችበት ሁሉ ትከተል ጀመር፤ ተመለሺ ቢሏትም እምቢ አለች። አህያ በዕድሜዋ እንዲህ ተደስታ አታውቅም። ቀበሮም አልተጎዳችም፤ ለስላሳ ጭድ ላይ ተጋድማ የከተማው ዶሮዎች የት የት እንደሚያድሩ አጠናች።

ጉማሬ ሊነሳ ሲል ጅብ ከአንድ ቁጥቋጦ ውስጥ ዘሎ ወጣና ጀርባው ላይ ወደቀ። ሦስቱን ቀን ሙሉ ሲሮጥ የሰነበተ ነውና እስኪሻገሩ ድረስ አንኮራፋ።

እዚህ ሲደርሱ አንበሳ በጉባኤ ተቀምጦ፣ አደራ የላኩትም ያልላኩትም ተሰብስበው ጠበቋቸው።

«እሺ፣ ምን አያችሁ?» አለ አንበሳ።

ጅብ ቀድሞ ወጣ። «ንጉሥ ሆይ፣ ሁሉንም አይቻለሁ። ያልረገጥኩት ከተማ የለም።»

«ጮማ በር ምን ይመስላል?»

«በር አለው።»

«ነጭ ግንብስ?»

«ግንብ ነው። ነጭ ነው።»

«ሰባት ምንጭስ?»

ጅብ ትንሽ አሰበ። «ውሻ ይበዛዋል።»

ውሻ ይህን ሲሰማ ጆሮውን ቀጥ አደረገ። ነብር ግን ቀድሞት ተነሳ።

«ወንድሜ እንዴት ከረመ? ቋንጣውንስ ወደደው?»

«በጣም እንጂ» አለ ጅብ። «በርበሬው ትንሽ ፈጀኝ እንጂ ግሩም ነበር።»

ጅብ ምን እንደተናገረ የገባው ከሁሉም በኋላ ነው። አንበሳም ብዙ ምስክር አላስፈለገውም። «ከዛሬ ጀምሮ ጅብ ጉማሬ ላይ እንዳይወጣ። አደራ የማይጠብቅ ባሕር አይሻገርም» ብሎ ፈረደ። ከነብር፣ ከአነርና ከውሻ ጋር ያለውን ጉዳይ ግን እዚያው እርስ በርሳቸው እንዲጨርሱ ተወላቸው። ጨረሱትም፤ ጅብ የኋላ እግሩን እየጎተተ የሚሄደው ከዚያ ወዲህ ነው ይላሉ።

ከዚያ ተራው የአህያ ሆነ። ጭድ አምባ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣባት ከዳር እስከ ዳር ወርቅ እንደምትመስል ነገረቻቸው። የጉድጓዷ ውሃ እንዴት እንደሚጣፍጥ፣ ነዋሪዎቿ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ካልገባችሁ ብለው እንደሚለምኑ፣ ውርንጭላዋ ስትሸኛት እስከ ውሃው ድረስ እንደተከተለቻት ነገረቻቸው። እንስሳቱ «እሺ፣ ከዚያስ?» እያሉ ከበቧት።

ጅብ ከሁሉም ኋላ ተቀምጦ፣ የተነከሰ እግሩን እየላሰ ይሰማል። ቀስ በቀስ መላሱን ተወ።

«ይህች ከተማ የት ነው ያለችው?» አለ። «እኔ ሁሉንም ስዞር እንዲህ ያለች አላየሁም።»

«ሁለት ጊዜ አልፈህባታል» አለች ቀበሮ። «አንዴ ከሰባት ምንጭ ስትመጣ፣ አንዴ ወደ ጉማሬ ስትሮጥ። ጭድ ላይ ተጋድሜ ሳይህ ነበር።»

«ከአጥሩ ብቅ ብላ፣ የእናቴ የመንገድ ጓደኛ፣ ግባና ውሃ ጠጣ እያለች የጠራችህ እኮ ልጄ ናት» አለች አህያ።



«እሷ ነበረች?» አለ ጅብ። «እኔማ የነብሩ ዘመድ መስላኝ ነው ይበልጥ የሮጥኩት።»

ከዚህ የምንማረው፣ በአጭር ጉዞ ሮጠን ካለፍንባቸው ከተሞች ሁሉ ስማቸው ብቻ እንደሚቀርልን፣ ተቀምጠን ውሃዋን የጠጣንባት አንዲቷ ግን የራሳችን እንደምትሆን ነው።