ጤፊትና የአባቷ እሳት

ተረቴ መጥታለች፣ ቦታ ልቀቁላት! ለቀቃችሁ? እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ድሮ ድሮ፣ አውሬው ሁሉ ዳስ ጥሎ፣ ድል ያለ ሰርግ በሚደግስበት ዘመን፣ ነጎድጓድ የሚባል ከበሮ ነበር። አያ ዝንጀሮ ከዋንዛ ግንድ ፈልፍሎ ወፍራም የበሬ ቆዳ ያለበሰው ነው። በሬው ምን አለ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ሰርግ ላይ አይነሳም። ነጎድጓድ ድው! ድው! ሲል ሦስት ተራራ ተሻግሮ ይሰማል። እሱ ያልተመታበት ሰርግ ከሰርግ አይቆጠርም ነበር።

ሲውል ሲያድር ነጎድጓድ አረጀ፣ ቆዳውም ተቀደደ። አያ ዝንጀሮ ከዚያው ዋንዛ ቅርንጫፍ ቆርጦ አንዲት ትንሽ ከበሮ ፈለፈለና ስስ የፍየል ቆዳ አለበሳት። ግንዱ አባት፣ ቅርንጫፏ ልጅ ሆኑ። ስሟ ጤፊት ነው። ድምጿ ቀጭንና ፈጣን ነው፤ ጠብ ጠብ ጠበጠብ ይላል። ጤፊት የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በራሷ ድምፅ አንድ ሰርግ ማስጨፈር። ይሄ ብዙ ነው? እስቲ እናንተው ፍረዱ!

የመጀመሪያው ሰርግ የአያ ጅቦ ነበር። ዝንጀሮ ጤፊትን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገባና በሙሉ መዳፉ ይደልቃት ጀመር።

«ኧረ ቀስ አያ ዝንጀሮ! እኔ የምመታው በጣት ነው» አለችው።

«የነጎድጓድ ልጅ አይደለሽም እንዴ? እንደ አባትሽ ጩኺ!»

ጅቦቹም አጉረመረሙ። «የነጎድጓድ ልጅ ሆና እንዲህ ትሁን? ወይ ውርደት!»

«ስሜ ጤፊት ነው» አለች። ማን ሰምቷት!

ሁለተኛው ሰርግ የእሜቴ ቀበሮ ልጅ ሰርግ ነበር። ዝንጀሮ የነጎድጓድን ቀይ ጨርቅ አመጣና ሦስት ጊዜ አዙሮ ጠመጠመባት። ድምጿ እዚያው ውስጧ ታፈነ። እንደምንም ብላ፣ ታግላ፣ ጠብ ጠብ ስትል ቀበሮዎቹ ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ይሄ የአባቷ ነው፤ ደም አይደል!» ተባባሉ። ትንሽ ቆይቶ ዝንጀሮ ራሱ ምቱን ሳተ። ያን ጊዜ ደግሞ «አባቷን አሰደበች!» አሉ።

ከበሮ ደም ቢኖረው ኖሮ የጤፊት ደም ይፈላ ነበር።

«ሲያምር የአባቴ፣ ሲበላሽ የኔ! ይሄ የምን ፍርድ ነው?»

«አመስግኚ እንጂ» አላት ዝንጀሮ። «የአባትሽ ስም ባይኖር ማን ለሰርግ ይጠራሽ ነበር?»

ነገሩ እውነትም ነበረበት። እሷን ይበልጥ ያንገበገባት ይሄው ነው።

ሦስተኛው ሰርግ የአያ አንበሶ ነበር። ዳሱ የተጣለው ኮረብታ ላይ ነው። ዝንጀሮ ነጎድጓድን ከነቀዳዳው አምጥቶ ለጌጥ ምሰሶ ላይ ሰቀለው። ታዲያ ከበሮ ከመመታቱ በፊት ቆዳው እንዲወጠር ይሞቃል። ለጤፊት የጠዋት ፀሐይ ይበቃት ነበር። ዝንጀሮ ግን ንፍሮ ከተጣደበት እሳት ዳር አስቀመጣትና «ነጎድጓድ የሚሞቀው ንፍሮው እስኪበስል ነው፤ አንቺም እንደዚያው» አላት።

«የኔ ቆዳ የፍየል ነው! ይቀደዳል!»

«አባትሽ ችሎት የለ!»

ንፍሮው ገና መንተክተክ ሲጀምር የጤፊት ቆዳ ተኮማተረ። ጠርዙ አረረ፤ ሽታው ዳሱን ሞላው። ነጎድጓድ ከተሰቀለበት ጮኸ።

«አንተ ዝንጀሮ! እኔ እሳቱን የቻልኩት ቆዳዬ ወፍራም ስለሆነ ነው! ልጄን አውጣት!»

«አንተ ደግሞ ዝም በል፣ አርጅተሃል» አለው ዝንጀሮ።

አያችሁ? ስሙን ቀን ከሌት ይጠራሉ፤ እሱ ራሱ ሲናገር ግን የሚሰማው የለም!

ጤፊት ከዚህ በኋላ ማንንም አልለመነችም። ወዲህ ተወዛወዘች፣ ወዲያ ተወዛወዘች፣ በጎኗ ወደቀችና ቁልቁለቱን ተንከባለለች። አንዱ ድንጋይ ሲመታት ጠብ! ሌላው ሲመታት ጠብ! ጠበጠብ ጠበጠብ እያለች ወረደች። ከታች ጅግሮች ቆመው ነበር። እነሱ ሰርግ ይጠራሉ እንጂ ጨፍረው አያውቁም፤ የነጎድጓድ ምት ለአጫጭር እግራቸው ዘገምተኛ ነበር። የጤፊት ምት ግን ልካቸው ሆነ። አንዷ ዘለለች፣ ሁለተኛዋ ተከተለች፣ ወዲያው ሜዳው በጅግራ ታመሰ። ከላይ ያሉት ሙሽሮች ሳይቀሩ ዳሱን ትተው እየሮጡ ወረዱ።

«የነጎድጓድ ልጅ! ተመለሺ!» ብሎ ዝንጀሮ ጮኸ። ጤፊት ዞራም አላየችው።

አንዲት አሮጊት ጅግራ ጠጋ አለቻትና «ስምሽ ማን ነው ልጄ?» አለቻት። ጤፊት ከተፈለፈለች ጀምሮ ይህን የጠየቃት አንድም ፍጡር አልነበረም።

«ጤፊት» አለች። ላይ የተሰቀለው አባቷም ሰምቶ በተቀደደ ቆዳው ሳቀ።

ጤፊት ዛሬም ድረስ ጠርዟ ላይ ያረረ ጠባሳ አለባት። ዝንጀሮ ሰርግ ላይ ባገኛት ቁጥር ጠባሳውን እያሳየ «ከአባቷ የወረሰችው ምልክት ነው» ይላል። ውሸቱን ነው! የራሱ እሳት ነው!

የኔ ተረት እዚህ ላይ ትቀመጥ። እናንተም ከእንግዲህ ልጅ ስታገኙ «የማን ልጅ ነሽ?» ከማለታችሁ በፊት «ስምሽ ማን ነው?» በሏት።