ለቆቅ የተዘጋጀው ንግግር

አንድ ጊዜ፣ በወንዝ ዳር ከበቀለ ትልቅ ሾላ ላይ የምትኖር ጉሬዛ ጠዋት ጠዋት ያየችውን ለአራዊት ሁሉ ትናገር ነበር። የትኛው ምንጭ እንደጠራ፣ የትኛው ዳገት ሣር እንዳበቀለ የሚሰማው ከእሷ አፍ ነው። «እኔ በራሴ ያልሞከርኩትን አልናገርም» ስለምትል ሁሉም ያምናታል።

በመታመኗም ምክንያት ከዛፏ ሥር መልእክተኛ አይጠፋም። አንዱ ልጇን ስታጠባ ይጮኽባታል፤ ሌላው እንደምን አደርሽ እንኳ ሳይል «ስለ ጉድጓዳችን ተናገሪልን» ይላታል። ትዕግሥቷ ቢያልቅ እኔ አልፈርድባትም።

በዚያው አገር ጥርሷ ያለቀ አንዲት አሮጊት አህያ ነበረች። ርቃ ሄዳ መጋጥ ስላቃታት ከጋራው ሥር ባገኘችው ፍል ውሃ ነበር የምትኖረው። እከክ ያስቸገረው እንስሳ ይታጠብና ለስላሳ ሣር ያመጣላታል። ነገር ግን ውሃውን የሚያውቁት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ በጋውም እየገባ ነው። ሌሎች ካልመጡላት በረሃብ መሞቷ ነው።

ስለዚህ ውሃዋን በተናጋሪዎች አፍ እንዲያስነግርላት ጅብን መልእክተኛ አድርጋ ያዘችው። አህያ ጅብን? አዎ፤ ድምፁ ሩቅ ይሰማል፣ እግሩም አይደክምም። እሱም «አንበሳ ሊታጠብ ሲመጣ የሚጥለው አጥንት የእኔ ነው» ብሎ ተስማማ። እንደማይበላትም ማለላት።

ጅብ መጀመሪያ የሄደው ምክር ፍለጋ ወደ ቀበሮ ነው።

«በዚህ አገር እንደ ጉሬዛ ያለ ስንት ተናጋሪ አለ?» ሲል ቀበሮ ጠየቀው።

«ሰባት።»

«ታዲያ ሰባት ንግግር ልትሸመድድ ነው? እኔ ከሰባቱ አንዷ ለሆነችው ለቆቅ ያዘጋጀሁት አንድ አለ። እሱን ያዝና ለሁሉም በለው። ማን ልብ ብሎ ይሰማል ብለህ ነው?»

ጅብ አንድ ጭን ሥጋ ሰጥቶ ንግግሩን ወሰደ። ጅብ ሥጋ ከሰጠ ምን ያህል እንደተጨነቀ አስቡት።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ፣ ጉሬዛ ልጇን እያስተኛች ሳለ፣ ከሾላው ሥር ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«የተከበርሽ ቆቅ ሆይ፣ ጎጆሽ በእንቁላል ይሙላ። ጠዋት ጠዋት የምትናገሪውን ሁሉ ጆሮዬን አቁሜ እሰማለሁ...»

«አያ ጅቦ፣ ማንን ነው የምታነጋግረው?» አለች ጉሬዛ። ልጇ ነቅቶ ማልቀስ ጀምሯል።

«እባክሽ አታቋርጪኝ። ከተቋረጥኩ ከመጀመሪያው ነው የምነሳው» አለና እንደገና «የተከበርሽ ቆቅ ሆይ» ብሎ ጀምሮ እስከ አህያዋ ፍል ውሃ ድረስ ዘለቀ።

ጉሬዛ ጥሬ ሾላ ወርውራ ግንባሩን ስትለው ነው የሄደው።

በበነጋው ጠዋት ንግግሩን በራሱ በጅብ ድምፅ እያስመሰለች ለአራዊቱ ተረከችላቸው። «በሉ እንግዲህ፣ እንቁላሌን ልታቀፍ» ስትል ዝንጀሮዎቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ሳቁ ሞቅ ሲል ደግሞ «እንዲህ ያለ መልእክተኛ የሚልክ ውሃ ምን ዓይነት ውሃ እንደሚሆን እናንተው ገምቱት» ብላ ጨመረች። ነገር የተበላሸው በዚህች ጭማሪ ነው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሦስቱም የአህያ ደንበኞች ቀሩ።

ሳምንት ሳይሞላ ጅብ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ራቅ ብሎ ተቀመጠና ልጇን አጥብታ እስክትጨርስ ጠበቀ።

«እንደምን ዋልሽ፣ እመት ጉሬዛ» አለ። «ያን ዕለት እሰማሻለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው፤ ይቅር በይኝ። አሁን ግን አራት ጠዋት ከቁጥቋጦው ኋላ ሆኜ ሰምቼሻለሁ። በራሴ ያልሞከርኩትን አልናገርም ስትዪም ሰማሁ።»

«እና?»

«እናማ አንድ ነገር አልገባኝም። የእትዬ አህያን ውሃ የሞከርሽው መቼ ነው?»

ጅብ ሊያሽሟጥጣት አልነበረም፤ ማሽሟጠጥ የት አውቆ። በእውነት ስላልገባው ነው የጠየቀው። ጉሬዛ ግን አፈረች።

«አህያዋ እንዴት ናት?» አለች።

«ትናንት መነሳት አቃታት።»

ጉሬዛ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ከዛፉ ወረደች። ጋራው ሥር ሲደርሱ አህያዋ በጎኗ ተኝታለች። ጅብ አንድ አፍ ሣር ነጨና ፊቱን እያጨማደደ አላመጠው፤ ሲለሰልስ ከአፏ ፊት አስቀመጠላት።

«አያ ጅቦ» አለች ጉሬዛ ቀስ ብላ፣ «ብትሞት እኮ ለአንተ ድግስ ነበር።»

«አስቤው ነበር» አለ ጅብ። «ግን ምዬላታለሁ።»

አህያዋ ራሷን በመከራ ቀና አደረገች። «ልጄ፣ ግቢበትና እይው። ካልወደድሽውም አልወደድኩትም ብለሽ ተናገሪ። አልቀየምሽም።»

ጉሬዛ ገባችበት።

በማግስቱ ጠዋት ሾላው ላይ ወጥታ እንዲህ አለች፦ «የእትዬ አህያ ውሃ ይሸታል፤ አፍንጫችሁን ያዙ። ሲያሳክከኝ የከረመው ጅራቴ ግን ዛሬ አላሳከከኝም። ባለፈው ሳላየው ነው ያጣጣልኩት። አያ ጅቦንም ስህተቱን ለብቻው ልነግረው ስችል በአደባባይ አሳቅሁበት። አጥፍቻለሁ። አህያዋ ታማለች፤ የምትሄዱ ዛሬውኑ ሂዱ፣ ሣሩንም ለስላሳውን ምረጡ።»

ያን ጠዋት ማንም አልሳቀም። ቀድመው የተነሱት ዝንጀሮዎቹ ነበሩ። ፀሐይ ሳትከር ከአህያዋ ፊት የተከመረው ሣር ከጅብ ቁመት በለጠ፤ አጥንት የሚጥል አንበሳ ግን አልመጣም። ጅብም ሆዱ እየጮኸ ማላመጡን ቀጠለ።

ከዚህ የምንማረው ሥራውን ሊያስነግር የሚሄድ የሚያነጋግረውን ማንነት አስቀድሞ ሊያውቅ፣ ብዙ ጆሮ የሚሰማው ተናጋሪም የመጣበትን መልእክተኛ ከማዋረዱ በፊት ከኋላው ማን እንዳለ ሊያስብ እንደሚገባ ነው።